ሶካ ከየት መጣ? «አጭሩ» የተባለው የረጅሙ ሰው ታሪክ

እኛ ዘንድ የካሪቢያን ሙዚቃ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሬጌ ነው። ቦብ ማርሊ፣ ጃማይካ፣ ሻሸመኔ፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ከዚያ ባሕር አካባቢ የመጣ፣ ሞቅ ያለ፣ ቁጭ ያለን ሰው የሚያስነሳ ዘፈን በሰማን ቁጥር «ሬጌ ነው» እንላለን። በ2000 ዓለምን ያዳረሰውን፣ «ውሾቹን ማን ለቀቃቸው?» እያለ የሚጮኸውን ዘፈን ታስታውሱት ይሆናል። ያገነነው የባሃማስ ባንድ ነው። ዘፈኑ ግን የነሱ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንስለም ዳግላስ የተባለ ትሪኒዳዳዊ ለአገሩ ካርኒቫል ያወጣው ነው። ሬጌም አይደለም። ሶካ ነው።

ብዙ የሙዚቃ ስልቶች ማን እንደጀመራቸው አይታወቅም። የሶካ ጀማሪ ግን ከነመንደሩ ይታወቃል፤ ጋርፊልድ ብላክማን ይባላል። መድረክ ላይ መጀመሪያ «ሎርድ ሾርቲ»፣ ኋላ ደግሞ «ራስ ሾርቲ አይ» ነበር። ስለ ፈጠራው በብዛት የሚነገረው «የአሜሪካው ሶል ሙዚቃ ከካሊፕሶ ጋር ተደባልቆ ሶካ ሆነ» የሚለው ነው። ለማስታወስ ይመቻል፤ ግን የታሪኩን ግማሽ፣ ያውም ትልቁን ግማሽ፣ ውጭ ያስቀራል። የቀረው ግማሽ ሕንድ ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ ካሊፕሶ ምንድን ነው?

ትሪኒዳድ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ከቬኔዝዌላ የሚለያት ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር ብቻ ነው። ካሊፕሶ እዚያ በባርነት ከተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ዘፈን የበቀለ ነው። ዘፋኙ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጉድ ይዘፍናል። ይተርባል፣ ያሞግሳል፣ ይወርፋል። ዋናው ጥበቡ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ማዋሉ ላይ ነው፤ ላይ ላዩን ስለ ምግብ ሲያወራ የሰማው ሰው ሁሉ ስለ ምን እንደሆነ ገብቶት ይስቃል። አዝማሪ ቤት ገብቶ ሰምና ወርቅ ሲወረወርበት ያመሸ ሰው ካሊፕሶን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የካሊፕሶ ዘፋኞች ለራሳቸው የማዕረግ ስም ማውጣት ይወዳሉ። ሎርድ ኪቺነር፣ ማይቲ ስፓሮው እያሉ በእንግሊዝ ገዢዎቻቸው ማዕረግ ይኮሩበታልም፣ ይቀልዱበታልም። ብላክማን «ሎርድ ሾርቲ»፣ ማለትም «ጌታ አጭሩ»፣ የተባለው ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ስለነበረ ነው። ቀልዱ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ወፍራሙን ልጅ «ቀጮ» ብሎ የሚጠራ ሰፈር ሁሉ ይገባዋል።

ወቅቱ ደግሞ ካርኒቫል ነው። የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ረቡዕ ሲገባ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ሰኞና ማክሰኞ የጎዳና ጭፈራ ናቸው። የእኛን ቅበላ አስቡት፤ ከማዕድ ተነሥቶ፣ አጊጦ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ። ዘፋኞች በየዓመቱ ለዚህ ወቅት አዲስ ዘፈን ያወጣሉ፤ በሰልፉ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የተጫወተው «ሮድ ማርች» ተብሎ ይሸለማል። ካርኒቫሉ ካለፈ በኋላ ግን የብዙው ዘፈን ዕድሜ ያበቃል። ይህን ያዙልኝ፤ ሾርቲን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ነው።

ሕንዶቹስ እንዴት እዚያ ደረሱ?

በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነት በሕግ የቀረው በ1834 ነው፤ ሙሉ ነፃነት የተገኘው ግን በ1838 ነበር። ነፃ የወጣው ሕዝብ በሸንኮራ አገዳው እርሻ ላይ በድሮው ሁኔታ ለመቆየት አልፈለገም። ባለ እርሻዎቹ ርካሽ ጉልበት ሲያስሱ ዓይናቸው ሕንድ ላይ አረፈ። በግንቦት 1845 «ፋተል ራዛክ» የተባለች መርከብ የመጀመሪያዎቹን የኮንትራት ሠራተኞች ትሪኒዳድ አደረሰች። እስከ 1917 ድረስ ከ140 ሺህ በላይ ሕንዳውያን መጡ። ውላቸው ሲያልቅ የተመለሱ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን እዚያው ቀሩ።

ሲመጡ ሙዚቃቸውን ይዘው ነው። ከሁሉ በላይ ሁለት መሣሪያዎችን እናስታውስ። አንዱ ዶላክ ነው፤ በሁለት በኩል በእጅ የሚመታ ከበሮ። ሁለተኛው ዳንታል፤ ቀጥ ያለ ረጅም የብረት ዘንግ፣ በትንሽ ብረት እየተመታ ሳያቋርጥ የሚያቃጭል። በሠርጋቸውና በጸሎታቸው እነዚህ አይቀሩም ነበር።

አፍሪካውያኑ በብዛት በከተማና በነዳጅ ማውጫው አካባቢ፣ ሕንዶቹ በገጠር በአገዳው እርሻ ኖሩ። ዛሬ ከሕዝቡ እያንዳንዱ ወገን አንድ ሦስተኛውን ያህል ይይዛል። ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ገበያ ይገናኛሉ፤ በፖለቲካና በሙዚቃ ግን ለረጅም ጊዜ የየራሳቸውን ይዘው ቆዩ። ካሊፕሶ የአፍሪካውያኑ፣ ዶላክ የሕንዶቹ።

ብላክማን በ1941 የተወለደው በደቡብ፣ ፕሪንስስ ታውን አጠገብ ባለችው ሌንጓ በምትባል መንደር ነው። ጎረቤቶቹ አብዛኞቹ ሕንዶች ነበሩ። ሌላው የካሊፕሶ ዘፋኝ «የነሱ» የሚለው ዜማ ለእሱ በልጅነቱ ከአጥር ማዶ ሲሰማው ያደገው ነው። በዘፋኝነቱ መታወቅ የጀመረው በ1963 አካባቢ ነበር፤ ለዐሥር ዓመት ያህል ግን ከብዙ ጥሩ ዘፋኞች አንዱ ሆኖ ነው የቆየው።

ታዲያ ምን አዲስ ነገር ፈለገ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፕሶ ክፉኛ ተዳክሞ ነበር። ወጣቱ ከጃማይካ ሬጌን፣ ከአሜሪካ ሶልን እየሰማ ካሊፕሶን የአባቶች ሙዚቃ አደረገው። ዘፈኑ ከካርኒቫል በኋላ ስለሚረሳ ዘፋኙ ዓመቱን ሙሉ የሚበላበት አልነበረም። ሾርቲ ካሊፕሶ እየሞተ ነው ብሎ አመነ።

ሌላም ነገር ነበር። በ1970 ትሪኒዳድ ውስጥ የጥቁሮች መብት ንቅናቄ አደባባይ ሲወጣ፣ ሰልፈኞቹ ከከተማ ተነሥተው ሕንዶች ወደሚበዙበት የአገዳ አገር ተጉዘዋል፤ መፈክራቸውም አፍሪካውያንና ሕንዶች ይተባበሩ የሚል ነበር። ፖለቲካው ያንን አልፈጸመውም። ሾርቲ በሙዚቃ ሊሞክረው አሰበ፤ የሁለቱንም ሕዝብ እግር አንድ ላይ የሚያነሣ ምት ካለ አገዳውም ከተማውም የእኔ ይለዋል ከሚል ሐሳብ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ «ኢንድራኒ» ይባላል፤ በ1973 ዓመት የተሰማ፣ በሕንዳዊት ሴት ስም የተሰየመ ዘፈን። የሕንድ መሣሪያዎቹን በግላጭ ካሊፕሶ ውስጥ አስገባቸው። ምላሹ ከሁለቱም ወገን ዱላ ሆነ። የካሊፕሶ ወግ አጥባቂዎች «ካሊፕሶን የሕንድ ዘፈን አደረገው፣ አበላሸው» አሉ። ከሕንዶቹም መካከል ግጥሙ የተሳለቀባቸው መስሏቸው የተቀየሙ ነበሩ።

የሶካ ምስጢር ምን ላይ ነው?

ብልሃቱ የመጣው ከዚህ ውድቀት በኋላ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሕይወቱ ሁሉ ይህችን ክፍል ነው የምወዳት። ሾርቲ መሣሪያዎቹን አወጣቸው። ምታቸውን ግን አስቀረው።

የእኛን ጌታቸው መኩሪያን ያስታወሰ ወዲያው ይገባዋል። ጌታቸው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣ የሸላዩን ትንፋሽ፣ ፉከራውን፣ ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ ወስዶ በነሐስ መሣሪያ ተናገረው። ሰሚው ሳክስፎን እያየ ሽለላ ይሰማል። ሾርቲም ያደረገው ይህንኑ ነው። ዶላኩ የሚመታውን ለዘመናዊው ድራም ሰጠው። ዳንታሉ ሳያቋርጥ የሚያቃጭለውን በሦስት ማዕዘኗ ብረት፣ በትሪያንግል አስያዘው። የሕንድ ክር መሣሪያዎች ይጫወቱት የነበረውን ለጊታር አካፈለ። መድረኩ ላይ የሚታየው ከተማው የለመደው ባንድ ነው፤ ከውስጥ የሚንቀሳቀሰው ግን የሌንጓ ሠርግ ቤት ነው። «የሕንድ ዘፈን» ብሎ ያወገዘው ሰው አሁን ምኑን ይጥላል? ሳያውቀው እየጨፈረበት ነው።

የሙዚቃ ትምህርት የሌለው ሰው ልዩነቱን እንዲሰማው አንድ ቀላል ሙከራ አለ። በእግራችሁ ወለሉን እኩል እኩል ምቱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ያ ትልቁ ከበሮ ነው፤ በሶካ ውስጥ እንደ ልብ ትርታ አያቆምም። አሁን በጣታችሁ ጠረጴዛውን ምቱ፤ ከእግራችሁ ጋር ሳይሆን በመካከሉ፣ ፈጠን እያደረጋችሁ፣ አንዳንዴ ቀድማችሁ አንዳንዴ ዘግይታችሁ። ያ ከዶላክ የመጣው ነው። እግር መሬት ይዞ ወገብ እምቢ የሚለው በሁለቱ መካከል ባለው መሳሳብ ምክንያት ነው። በላዩ ላይ ቤዝ ጊታሩ አጭር ዜማ እየደጋገመ ይሄዳል። የድሮው ካሊፕሶ ግጥሙን የሚሰማ ጆሮ ይፈልጋል። ሶካ ግጥሙን አሳጥሮ አዝማቹን አበዛው።

«ኤንድለስ ቫይብሬሽንስ»፣ ማለትም «ማለቂያ የሌለው ንዝረት»፣ በ1974 ወጥቶ በቀጣዩ ካርኒቫል ሁሉም ቦታ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በተግባር አለቀ። ማኤስትሮ የተባለው ወዳጁ፣ የካሊፕሶ ዘፋኝ፣ በዚሁ መንገድ ሄደ፤ በ1978 ደግሞ የካሊፕሶ አዛውንት የሆነው ሎርድ ኪቺነር ራሱ በሶካ ምት የሠራው ዘፈን ከደሴቲቱ አልፎ ተደመጠ። አዛውንቱ ከገባበት ማን ይቀራል?

ስሙን ማን አወጣው?

ራሱ ሾርቲ። «ሶ» ከካሊፕሶ መጨረሻ ነው። «ካ» ደግሞ ከሕንድ ፊደል፤ በሂንዲ ተነባቢዎች ሰልፍ መጀመሪያ የሚቆመው «ካ» ነው፣ የእነሱ «ሀ» እንደማለት። ስሙ ራሱ ጋብቻ ነበር።

ግራ መጋባቱ የመጣው በጽሕፈት ነው። እሱ ሲጽፈው በላቲኑ «ኬ» ነበር፣ መጨረሻው ላይም «ኤች» ጨምሮበት። ጋዜጦች በ«ሲ» ጻፉት፤ ያኔ «ካ» ከሕንድ ፊደልነት ወጥቶ የ«ካሊፕሶ» መጀመሪያ መሰለ፣ «ሶ» ደግሞ የ«ሶል»። በዚያ ላይ ሾርቲ «የካሊፕሶ ነፍስ» የሚል ርእስ ያለው ሥራ ነበረው፤ እንግሊዝኛው ነፍስንና የአሜሪካኑን ሙዚቃ በአንድ ቃል ስለሚጠራ የተሳሳተው ትርጉም ምስክር ያገኘ መሰለ። በእኛ ፊደል «ሶካ» ብለን ስንጽፍ ይህ ሁሉ ጠብ አይታይም። በአንድ የላቲን ፊደል ለውጥ ግን ሕንድ ከስሙ ወጣች።

ከሕንድ መጥቶ ወደ ሕንድ የተመለሰው ዘፈን የቱ ነው?

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሾርቲ ከሂንዱዎች የሰላም ጸሎት ቃል ወስዶ «ኦም ሻንቲ» የሚል ዘፈን አወጣ። በትሪኒዳድ የሚኖሩ አንዳንድ ሂንዱዎች «ቅዱስ ቃል እንዴት በጭፈራ ቤት ይዘፈናል?» ብለው ተቃወሙ።

በሕንድ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በ1980 በወጣው «ካርዝ» በተባለው የቦምቤይ ፊልም ውስጥ «ኦም ሻንቲ ኦም» የሚል ዘፈን አለ፤ አዝማቹ የሾርቲ ነው። ዘፈኑ ሕንድን አጥለቀለቀ። በ2007 ሻሩክ ካን የተወነበት ታዋቂ ፊልም ርእሱን የወሰደው ከዚህ ዘፈን ነው። እንግዲህ በየሲኒማ ቤቱና በየቪዲዮ ቤቱ የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ፣ ሶካ የሚለውን ቃል ሳይሰማ የሶካን አባት ዜማ ሲያንጎራጉር ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ዝናው ጫፍ ሲደርስ ለምን ጫካ ገባ?

በዚያ ዘመን ሾርቲ ራሱን «የፍቅር ሰው» ብሎ የሚያስተዋውቅ፣ ግጥሙም ኑሮውም ልቅ የሆነ ኮከብ ነበር። በ1977 ማኤስትሮ በመኪና አደጋ ሞተ። የወዳጁ ሞት ሾርቲን አናወጠው፤ ያገኘው ሁሉ ባዶ ሆኖ ታየው። በ1980ዎቹ መባቻ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ፒፓሮ በሚባል ደናማ ኮረብታ ላይ ሰፈረ። ጫማ ጣለ፣ ፀጉሩን አጎፈረ፣ እየዘመረ ልጆቹን አሳደገ። ቤተሰቡ በሙሉ «የፍቅር ክበብ» የተባለ የዘፋኞች ቡድን ሆነ።

ስሙንም ለወጠ፤ «ሎርድ»ን አውልቆ «ራስ»ን ለበሰ። እኛ ዘንድ ራስ የመኳንንት ማዕረግ ነው፤ ጦር የሚመራ፣ አገር የሚገዛ። ወደ ካሪቢያን የተሻገረው ከንግሥናቸው በፊት «ራስ ተፈሪ» ይባሉ በነበሩት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኩል ነው። ንጉሡ በሚያዝያ 1966 ወደ ጃማይካ ያደረጉት ጉዞ በሰፊው ይታወሳል፤ ከዚያ በፊት ግን ሦስት ቀን ያረፉት ትሪኒዳድ ነበር። መጨረሻው ላይ ያለችው «አይ» በራስ ተፈሪያውያን ንግግር የምትዘወተረው «እኔ» ናት። ሆኖም ሾርቲ ከስሙ የተነሣ እንደሚገመተው አጥባቂ ራስ ተፈሪያዊ አልነበረም፤ መዝሙሮቹ የክርስትና ናቸው። አዲሱን ስልት «ጃሙ» አለው፤ የእግዚአብሔር ሙዚቃ ለማለት ነው።

ለሁለቱ ሕዝቦች መገናኛ ብሎ የሠራውን ሶካ ሰዎች ለዳሌ ማወዛወዣ ብቻ እንዳዋሉት ይናገር ነበር። መቼም ይህ ወቀሳ ከእሱ አፍ ሲወጣ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ «የፍቅር ሰው» ማን ሆነና። እሱም አልካደም፤ ንስሐ ያለው ይህንኑ ነበር።

ሶካ ያለ እሱ ወዴት ሄደ?

በፍጥነት ሄደ። በ1982 ትንሿ ደሴት ሞንሰራት ያፈራችው አሮው በአንድ ዘፈን ሶካን ዓለም አቀፍ አደረገው። በ1986 የ11 ዓመቱ ማሼል ሞንታኖ «ለሶካ ገና ልጅ ነህ» ለሚሉት በዘፈን መልስ ይዞ ብቅ አለ፤ ዛሬም ከሶካ ከዋክብት ፊት የሚቆም እሱ ነው። ከ1993 ጀምሮ የሶካ ንጉሥ የሚመረጥበት የራሱ ውድድር ተቋቋመ፤ ስልቱም በሁለት ተከፈለ። አንዱ ሩጫ የሚመስለው «ፓወር»፣ ሌላው ረጋ ብሎ ወገብ የሚይዘው «ግሩቪ»።

ለሾርቲ ሕልም ይበልጥ የቀረበችው ግን ድሩፓቲ ራምጉናይ ናት። ሕንዳዊት ዘፋኝ ናት፤ በ1987 ሶካን ከሕንዶች የሠርግ ዘፈን ጋር ያጋባውን «ቻትኒ ሶካ» የሚለውን ስም በዘፈኗ አስተዋወቀች። «ሕንዳዊት ሴት ካርኒቫል መድረክ ላይ ምን ትሠራለች?» ተብላ ተሰድባለች፤ ከገዛ ወገኗ ጭምር። ሾርቲ ከአፍሪካውያኑ በኩል የገፋውን በር እሷ ከወዲያ በኩል ገፋችው።

ሾርቲ ራሱ በ1990ዎቹ ወደ ሕዝብ ጆሮ የተመለሰው ወላጆች በወደዱት ዘፈን ነው። «ልጆቼ፣ ተጠንቀቁ» ይላል፤ ስለ አደንዛዥ ዕፅ። ያኔ ኮኬይን ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዚያች 11 ኪሎ ሜትር ባሕር በኩል ደሴቲቱን መሸጋገሪያ አድርጓት ነበር። ዘፈኑን ከልጆቹ ጋር ነው የዘፈነው።

ብዙም አልቆየ፤ በካንሰር ታሞ ጁላይ 12 ቀን 2000 በ58 ዓመቱ ዐረፈ። ልጆቹ ጃሙን ይዘው ቀጠሉ። የባሃማሱ ባንድ የውሾቹን ዘፈን ለዓለም የለቀቀው በዚያው ክረምት ነበር።